ሲያንኮራፋ ሰምታችሁ አትለፉት

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ማታ ማታ እሠራለሁ። አልጋ አከራያለሁ፣ ቁልፍ እሰጣለሁ፣ ውኃ ጠፋ ሲሉኝ በጀሪካን አስወጣለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ነርስም አይደለሁም። ግን መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊት ላይ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ቀድሞ የሚደርሰው እንደኔ ያለው ነው። ዘበኛ፣ አስተናጋጅ፣ ባለ ታክሲ፣ አብሮ ያመሸ ጓደኛ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ነገሩ ኦቨርዶዝ ነው። ከመጠን በላይ የተወሰደ መድኃኒት፣ በተለይ ኦፒዮይድ የሚባለው፣ ሕመም የሚያስታግስና የሚያደነዝዝ ዓይነት። ሲወራ ፊልም ላይ ያየነው ሄሮይንና መርፌ ትዝ ይለናል። ሄሮይን አንዱ ነው፤ እውነት ነው። ግን ትራማዶልም ከዚያው ወገን ነው። ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይን፣ ፌንታኒል፣ ሜታዶንም እንዲሁ። ትራማዶል ደግሞ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። ወገቡን የሚያመው አባት ኮመዲኖ ውስጥ አለ። ቀዶ ሕክምና ያደረገች እህት ቦርሳ ውስጥ አለ። ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ የሌለበት ነገር ነው፤ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 ከአደንዛዥ ነገሮች ጋር በተያያዘ በዓለም ዙሪያ 600,000 ያህል ሰው ሞቷል። ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ገደማው ከኦፒዮይድ ጋር የተያያዘ ነው። ከእነዚህ ከኦፒዮይድ ጋር ከተያያዙት ሩብ ያህሉ ደግሞ በቀጥታ የኦፒዮይድ ኦቨርዶዝ ነው። ብዙዎቹ ሲሞቱ ክፍሉ ውስጥ ወይም ከግድግዳው ማዶ ሰው ይኖራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው።

እዚሁ ሰፈር ሌላ ቦታ የሚሠራ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የነገረኝ አለ። አንድ እንግዳ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ አደረ። ከጎኑ ያለው ክፍል የተኛው ሰው «ኧረ ይሄን ሰውዬ አንድ በሉልኝ» ብሎ እስኪያማርር ድረስ። ወደ ንጋት ላይ ድምፁ ቆመ። «ተመስገን፣ ተገላበጠ» ተባለ። ረፋዱ ላይ ክፍል ልታጸዳ የገባችው ልጅ ናት ሞቶ ያገኘችው። ትራስጌው ባዶ የክኒን ማሸጊያና የተጋመሰ የጂን ጠርሙስ ነበር።

ያ ድምፅ እንቅልፍ አልነበረም። ምን እንደነበር ላስረዳ።

አንጎላችን ሥር ትንፋሽን የሚያዝ ክፍል አለ። ደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ «ተንፍስ» ብሎ ያዛል። ተኝተንም የምንተነፍሰው በእሱ ነው። ኦፒዮይድ ሲበዛ ይህ ክፍል ይደነዝዛል። ሰውየው ያንቀላፋል። ትንፋሹ እየራቀ ይሄዳል። ምላሱና ጉሮሮው ስለሚላሉ የአየር መንገዱ በግማሽ ይዘጋል፤ የምንሰማው ከባድ ማንኮራፋት በዚያ ጠባብ መንገድ የሚታገል አየር ነው። ከዚያ ትንፋሹ ይቆማል። ልብ የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰውየው የሚሞተው በትንፋሽ ማጣት ነው፤ ትንፋሽ ደግሞ እኛም ልንሰጠው የምንችለው ነገር ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁልኝ ብትሄዱ በቂዬ ነው።

እዚህ ሰፈር ክኒን ብቻውን የሚውጥ ሰው አላየሁም ማለት ይቻላል። ከሰዓት ጫት ይቃማል። ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ አለ፤ ቢራ፣ ጂን፣ አረቄ። ከዚያ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ አንዱ ክኒን ያወጣል። ትራማዶል ይሆናል፣ እንቅልፍ የሚያስወስደው ዳያዜፓም ይሆናል፣ ሁለቱም ይሆናል። መጠጥም፣ የእንቅልፍ ክኒንም፣ ኦፒዮይድም ትንፋሽ ያዘገያሉ። ለየብቻ የማይጥሉትን ሰው ሦስቱ ተባብረው ይጥሉታል። ጫቱ ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ምርቃናው ንቁ ስለሚያደርገው ልጁ የዋጠው ያልሠራ ይመስለዋል። ይደግማል። ምርቃናው ሲለቀው ሁሉም አንድ ላይ ይወርድበታል።

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልሂድ። ቅዳሜ ነበር። ሁለት ወጣቶች ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ይዘው ነበር። እኩለ ሌሊት አልፎ አንደኛው በባዶ እግሩ ወርዶ መጣ።

«ብሮ፣ ጓደኛዬ አልነሣ አለኝ።»

ዘበኛችንን ጋሼን ጠርቼ ሮጥኩ። ክፍሉ ገረባ በገረባ ሆኗል። ልጁ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ፊቱና ሸሚዙ በውኃ ርሷል። ክፍሉ ክብሪት ክብሪት ይሸታል። ጓደኛው የሚጥል በሽታ መስሎት ክብሪት ለኩሶ አሽትቶታል። ሲያቅተው ውኃ ደፍቶበታል። አልፈርድበትም፤ ሁላችንም ያደግንበት ነው።

መጀመሪያ ስሙን ጠርቼ ጮህኩበት። ትከሻውን ነቀነቅኩት። ምንም የለም። ከዚያ በመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ላይ የተማርኩትን አደረግሁ፤ ጡጫዬን ጨብጬ በጣቶቼ አንጓ ደረቱ መሀል ያለውን አጥንት አጥብቄ ፈተግሁት። ይህ ያማል። የሰከረ ሰው ቢሆን ያጉረመርማል፣ እጅህን ይገፋል፣ ይሳደባል። የተኛ ሰው ዘሎ ይነሣል። ይሄኛው ዓይኑም አልተርገበገበ።

ጆሮዬን አፉ ላይ አስጠግቼ ደረቱን አየሁ። ጠበቅሁ። አንድ ጊዜ ጉሮሮው ውስጥ ተንኮራኮረና ዝም አለ። ደረቱ እስኪነሣ ድረስ እንደገና ጠበቅሁ። ጊዜው ረዘመብኝ። ጤነኛ ሰው በደቂቃ ከ12 ያላነሰ ይተነፍሳል። የእሱ በትንፋሽና በትንፋሽ መካከል አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ነበር።

በስልኬ መብራት የዓይኑን ቆብ ገልጬ አየሁ። ብሌኑ የጤፍ ፍሬ አክላለች። ጨለማ ክፍል ውስጥ የኖረ ዓይን ብሌኑ ሰፊ መሆን ነበረበት። የኦፒዮይድ ዋና ምልክቶች እነዚህ ሦስቱ ናቸው፦ አለመንቃት፣ የዘገየ ወይም የቆመ ትንፋሽ፣ የጠበበ ብሌን። ግን በብሌኑ ብቻ አትወስኑ። ከሌላ ነገር ጋር ከተቀላቀለ፣ ወይም አንጎል ኦክስጅን አጥቶ ከቆየ፣ ላይጠብ ይችላል። ትንፋሹ ከዘገየ ብሌኑ ምንም ይምሰል ምን ተንቀሳቀሱ።

ስለ ከንፈርም አንድ ነገር። ብዙ ጽሑፍ «ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል» ይላል። የእኛ ቆዳ ላይ ሰማያዊ ብትፈልጉ አታገኙም። ፊቱ ይገረጣል፣ ወደ ግራጫ ይሄዳል። እኔ ያየሁት የታችኛውን ከንፈር ወደ ውጭ ገልብጬ ነው። ውስጡና ድዱ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ጠቁሯል። ጥፍሮቹ ሥር ያለው ሥጋም እንደዚያው። እጁን ሳነሣው ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ ቆዳው ቀዝቅዞ ላብ ብጤ አለው።

ጓደኛውን ጠየቅሁት። «ምን ወሰደ?»

«ምንም… ጫት ብቻ ነው የቃምነው።»

«ወንድሜ፣ ፖሊስ አልጠራም። ልጁ እየሞተ ነው። ምን ወሰደ?»

«ትራማዶል። ስንት እንደሆነ አላየሁም። ጂንም ጠጥቷል።»

ይቺን መልስ ለማግኘት የጠፋው ጊዜ ያናድደኛል። በጓደኛው ግን አልተናደድኩም። ስለ ክኒን የሚጠየቅ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መታሰርን ነው። ስለዚህ ስትጠይቁ ፍርሃቱን ቀድማችሁ አንሡለት። ድምፃችሁን አለስልሱ።

ጋሼ 907 ደወሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ በነፃ የሚደወል ነው። 939ም አለ፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ነው፣ እሱም አምቡላንስ አለው። ስትደውሉ «ሰው ታመመብን» አትበሉ። «ሰው ራሱን ስቷል፣ እየተነፈሰ አይደለም» በሉ። ከዚያ ቦታውን በሚታወቅ ነገር ንገሩ። የእኛ ከተማ በቤት ቁጥር አይገኝም። ብሔራዊ ቴአትር፣ ከዚያ የትኛው ሕንፃ ጀርባ፣ የትኛው ቅያስ። አንድ ሰው አስፋልት ላይ ወጥቶ ይጠብቅ።

እኔ እስከዚያ ትንፋሽ ሰጠሁት። አሠራሩ ይሄ ነው። በጀርባው ታስተኙታላችሁ። አፉ ውስጥ የሚታይ ነገር ካለ ታወጣላችሁ፤ የእሱ አፍ ውስጥ የጫት ቅጠል ነበር፣ በጣቴ ጠርጌ አወጣሁ። አንድ እጅ ግንባሩ ላይ፣ ሁለት ጣት አገጩ ሥር አድርጋችሁ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ታዘነብላላችሁ። ይህች ብቻዋን የተዘጋውን ጉሮሮ ትከፍታለች። አንዳንዴ ሰውየው በዚህ ብቻ ትንፋሹ ሊሻለው ይችላል። ከዚያ አፍንጫውን ጨብጣችሁ አፋችሁን በአፉ ላይ ገጥማችሁ ትነፋላችሁ። በመጀመሪያ ሁለት ጊዜ። ደረቱ ሲነሣ ማየት አለባችሁ። ካልተነሣ አየሩ እየገባ አይደለም፤ ጭንቅላቱን እንደገና አስተካክሉ። ከዚያ በየአምስት ሰከንዱ አንድ። ጋሼ አጠገቤ ተንበርክከው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት» እያሉ ይቆጥሩልኛል። በራሴ ብቆጥር እቸኩል ነበር። ሰው ሲደነግጥ አምስት ሰከንድ ሁለት ሰከንድ ይሆንበታል። በኃይል መንፋትም አያስፈልግም፤ ሲበዛ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ያስመልሰዋል።

አፍ ላይ አፍ መግጠም ይቀፋል። አልዋሽም። ምራቅ አለ፣ የጂን ሽታ አለ። ስስ ጨርቅ ጣል ማድረግ ይቻላል፣ አየር እስካሳለፈ ድረስ። አሁን ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ለዚህ የተሠራ ማስክ አለኝ።

ጨርሶ የማይተነፍስ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ሕይወት ያለው የማይመስል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ደረቱንም መጫን ያስፈልጋል። የእጃችሁን መዳፍ ተረከዝ ደረቱ መሀል አድርጋችሁ፣ ሌላውን እጅ ደርባችሁ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ፍጥነት። 30 ጊዜ ተጭኖ ሁለት ትንፋሽ። ሥልጠና የሌለው ሰው የልብ ምት በመፈለግ ጊዜ አያጥፋ፤ ጣቱ ላይ የሚሰማው የራሱ ልብ ነው። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ከቆየ መጎዳት ይጀምራልና።

በዚህ መሀል ክፍሉ ሰው ሞላው። አንዷ እንግዳ «ወተት ስጡት» አለች። ሌላው «ገልብጣችሁ አስመልሱት» አለ። አንድ አባት ከቦርሳቸው ጠበል አወጡ። አባቴ፣ ግንባሩ ላይ ይርጩለት፣ አፉ ውስጥ ግን አይጨምሩ አልኳቸው፤ ገባቸው። ራሱን የሳተ ሰው አይውጥም። ወተትም ቡናም ጠበልም አፉ ውስጥ የገባው ሁሉ የሚሄደው ወደ ሳንባው ነው። ማስመለስም እንደዚያው። ቀዝቃዛ ሻወር ሥር ማስገባት ደግሞ ሰውነቱን ከማቀዝቀዝና ጊዜ ከማጥፋት በቀር የሚሠራው የለም። በጥፊ መምታት፣ ጨው ማላስ፣ ሌላ ክኒን መስጠት፣ እያንገላቱ ማስረገጥ፣ ይቅር። ከሁሉ የከፋው ግን «ተኝቶ ይለቀዋል» ነው።

ትንሽ ቆይቶ ከንፈሩ ውስጥ ቀለም መመለስ ጀመረ። መልኩ እየተለወጠ ሳይ መንፋቴን ላቆም ዳድቶኝ ነበር፤ ጋሼ መቁጠር አላቆሙም፣ እኔም ቀጠልኩ። ጋሼ አስቀድመው በር ላይ ከሚያድሩት ባለ መኪኖች አንዱን ቀስቅሰው ነበርና፣ «ልጄ፣ መኪናው ሞተር አስነሥቷል» አሉኝ። እኛ ሰፈር ሆስፒታል ቅርብ ነው። ጥቁር አንበሳ ከዚህ ቸርችልን ይዞ ትንሽ ወደ ላይ ነው፤ ዘውዲቱም ሩቅ አይደለም። ሌሊት መንገዱ ጭር ብሎ ሲሆን በመኪና ይቀድማል። አምቡላንሱ ደርሶ ከሆነ ግን አምቡላንስ ይሻላል፤ ኦክስጅን አለው። በራስ መኪና ከሄዳችሁ ሰውየውን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ጭንቅላቱ ደረቱ ላይ እንዲደፋ አታድርጉ። ጉሮሮው ተመልሶ ይዘጋል። እኔ እግሬ ላይ አንጋልዬ፣ አገጩን ይዤ፣ እየነፋሁ ነው የሄድኩት። ለ907 ደግሞ ጋሼ መልሰው ደውለው በራሳችን መሄዳችንን ተናገሩ፤ አምቡላንሱ ለሌላ ሰው ይጠቅማል።

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ «ሲስተር፣ ትራማዶልና ጂን ነው፣ ትንፋሹ ቆሟል» አልኩና ባዶውን ማሸጊያ ሰጠኋት። ይቺን ማሸጊያ ሳትረሱ ያዙ። ምን እንደሆነና ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ እዚያው ላይ ተጽፏል። በትራማዶል አዋቂ ሰው በቀን ከ400 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። በዝግታ የሚለቅ ዓይነትም አለ፤ እሱ ከሆነ ችግሩ ብዙ ሰዓት ይቆያል።

በላስቲክ ፊኛ አየር እየሰጡ መርፌ ወጉት። መርፌው ናሎክሶን ይባላል። ኦፒዮይዱን አንጎል ላይ ከያዘው ቦታ አስለቅቆ ይቀመጥበታል። ጡንቻ ላይ ከተወጋ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቆ ለውጥ ከሌለ ይደገማል። ልጁ ዓይኑን ገለጠ። የመጀመሪያ ቃሉ ስድብ ነበር። ሁለተኛው «ጫማዬስ?» የሚል። ተነሥቶ ሊሄድ ፈለገ። ጓደኛው ደስታው ወሰን አጥቶ «በቃ እንሂድ፣ ዳነ» ይላል።

ነርሷ እዚህ ላይ ቆጣ አለች። «የት ነው የምትሄዱት? መርፌው ያልቃል፣ የዋጠው ግን ገና ሆዱ ውስጥ ነው።» ነገሩ እንዲህ ነው። ናሎክሶን የሚሠራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው። ብዙ ኦፒዮይዶች ከዚያ በላይ ይቆያሉ። የነቃ ሰው ቤቱ ሄዶ ተኝቶ ተመልሶ ሊሞት ይችላል። እውነትም ቆይቶ ልጁ እንደገና እያንቀላፋ ሄደ፤ እንደገና ሰጡት። ቤት ሆኖ ቢሆንስ?

ትራማዶል ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለና እሱን ልጨምር። ሲበዛ ያንቀጠቅጣል፤ ልክ እንደሚጥል በሽታ። ናሎክሶንም ትራማዶልን ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም፤ ትንፋሹን ያግዛል፣ መንቀጥቀጡን ግን አያቆምም። ስለዚህ ሆስፒታል መሄድ የግድ ነው። የሚንቀጠቀጥ ሰው ካያችሁ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ዙሪያውን አጽዱ፣ በኃይል አትያዙት። ማንኪያ ጥርሱ መሀል አትክተቱ። ክብሪቱን ተዉት፤ ጭሱ የሚጨምረው ነገር ቢኖር ማነቅ ነው። መንቀጥቀጡ ሲያቆም ትንፋሹን እዩ።

የሚተነፍስ ግን የማይነቃ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። የላይኛው ጉልበቱ ታጥፎ መሬት ይንካ፣ እጁ ጉንጩ ሥር ይሁን፣ አፉ ወደ ታች ያዘንብል። ቢያስመልሰው ወደ ውጭ ይፈሳል። ጥላችሁት አትሂዱ። ትንፋሹን መቁጠር አታቁሙ።

«እኔም እሱም እኩል ነው የወሰድነው፤ እኔ ምንም አልሆንኩም» አለ ጓደኛው ኮሪደር ላይ። ይሄን ብዙ ሰው ይላል። ለምን እንደሆነ በኋላ አንድ ፋርማሲስት ወዳጄ አስረዳኝ፤ አገራችንን በቀጥታ የሚነካ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ጉበታችን ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኤንዛይም አለ። ኮዴይንን ወደ ሞርፊን፣ ትራማዶልንም ወደ ጠንካራው መልኩ የሚቀይረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኤንዛይም ዘረ መል ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አገኘ። በአውሮፓ አብዛኛው ቦታ ይህ ቁጥር በጣም ያነሰ ነው። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው መድኃኒቱን በፍጥነት ወደ ጠንካራው ይለውጠዋል። ማን እንዳለው በመልክ አይታወቅም። ጎንደሬ ይሁን ጉራጌ፣ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ አይለይም። ለጓደኛህ «ቀለል» ያደረገው አንድ ፍሬ አንተን ሊጥልህ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2017 ትራማዶልና ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ ከልክሏል። ለትልቅ ሰው የታዘዘ የሕመም ክኒን ለልጅ ግማሹን ሰብሮ መስጠት የለመደ ቤት ካለ እባካችሁ ተዉት።

ሌላው አደጋ ከዕረፍት በኋላ የሚመጣው ነው። ሰውነት ሲለምድ ብዙ ይሸከማል። ካቆመ በኋላ ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ልምዱ ይጠፋል። ልጁ ከማረሚያ ቤት ይወጣል፤ ወይም እንጦጦ ጠበል ሰንብቶ ይመለሳል። እኔ ጠበል አልነቅፍም፤ እኔም እሄዳለሁ። ግን ተመልሶ አንድ ቀን ቢሸነፍ፣ የሚወስደው ድሮ የሚወስደውን ያህል ነው። ሰውነቱ ደግሞ የድሮው አይደለም። ቤተሰብ በዚያ ሰሞን «ተመስገን ዳነልን» ብሎ ዓይኑን የሚያነሣው ልክ መጠበቅ ባለበት ጊዜ ነው። መታጠቢያ ቤት ቆልፎ የቆየ ልጅ ካለ አንኳኩ። ቢቆጣ ይቆጣ።

ናሎክሶን እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ የቆየ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ሱስ አያሲዝም። ኦፒዮይድ ላልወሰደ ሰው ቢሰጥ ጉዳት አያደርስበትም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ኦቨርዶዝ ሊያጋጥማቸው የሚችሉ ተራ ሰዎች፣ ማለትም ጓደኛና ቤተሰብ፣ መድኃኒቱን እንዲያገኙና እንዲሠለጥኑ መክሯል። አሜሪካ ከ2023 ጀምሮ በአፍንጫ የሚረጨውን ያለ ማዘዣ ትሸጣለች። እኔ በአካባቢዬ ባሉ ፋርማሲዎች ጠይቄ ፊት ከማየት በቀር ያገኘሁት የለም። አንዱ «ለምንህ ነው?» ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። እሳት ማጥፊያ ያለው ፔንሲዮን ይሄ የሌለው ለምንድን ነው? የሚመለከታቸው ሰዎች ቢያስቡበት እላለሁ። እስከዚያ ግን ያለን ሳንባችን ነው፤ እሱም ይሠራል።

ይህን ሁሉ አንብቦ ሞርፊን የሚፈራ ሰው እንዳይኖር። አክስቴ ካንሰር ይዟት በነበረ ጊዜ ሐኪም ያዘዘላትን ሽሮፕ ቤተሰቡ «ሱስ ይሆንባታል» ብሎ እያሳነሰ ይሰጣት ነበር። ያለ ምክንያት ተሠቃየች። ሐኪም በለካው መጠን የሚወሰድ ሞርፊን እፎይታ ነው። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ቆልፎ ማስቀመጥና ከመጠጥ ጋር አለመቀላቀል ነው። በሽተኛዋ ካልነቃች፣ ትንፋሿ ከራቀ፣ ቀጣዩን መጠን አትስጡ፤ ወዲያው ሐኪም ጋ ደውሉ።

በማግስቱ የልጁ ታላቅ እህት ፔንሲዮን ድረስ መጣች። ልታመሰግን ነው የመጣችው ግን ዓይኗ ቀልቷል፤ «ከእንግዲህ ክፍል ቆልፌበት ነው የማስቀምጠው» አለች። አይ እህቴ፣ እሱን አታድርጊ አልኳት። ትራማዶልን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም ላብ፣ ቁርጥማት፣ ተቅማጥ፣ ጭንቀት ያሠቃየዋል። ሾልኮ መሄዱ አይቀርም፤ ሲሄድ ደግሞ ያው የድሮውን ያህል ነው የሚውጠው። መጠኑ በሐኪም እየተቀነሰ ቢሆን ይቀላል። መርካቶ አካባቢ ያለው አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ስሙ የአእምሮ ሆስፒታል ስለሆነ ሰው ይሸሻል፤ እሷም ፊቷን አጨፈገገች። ለጎረቤት የሆድ ሕመም ነው በይ፣ ለሐኪሙ ግን እውነቱን ንገሪ አልኳት። የቀሩትን ክኒኖችና የሆስፒታሉን ወረቀት ይዛ በጠዋት እንድትሄድ ነገርኳት። ልጁን ብቻውን እንዳትልከውም።